ከቤቱ ሲወጡ ስምዎም ከውሉ ይውጣ

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሁለት እህቶች ጋር ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ ተከራይቼ እኖራለሁ። ሦስታችንም አንድ ሊዝ (የኪራይ ውል) ላይ ፈርመናል። ኪራዩ በወር 2,550 ዶላር ሲሆን ለእያንዳንዳችን 850 ይደርሰናል፤ ስንገባም የአንድ ወር ኪራይ ዲፖዚት (መያዣ) እኩል አዋጥተን ከፍለናል። ሊዙ የሚያልቀው በኦገስት መጨረሻ ነው። እኔ ግን ከፋሲካ በኋላ ስለማገባ፣ በኤፕሪል መጨረሻ ወጥቼ ከእጮኛዬ ጋር ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ልገባ ነው። ደባሎቼ መቆየት ይፈልጋሉ። ታላቃችን ከደላስ ኤርፖርት ተቀብላ ሦስት ወር ያለ ኪራይ ያኖረችኝ ባለውለታዬ ናት፤ አሁን የሥራ ሰዓቷ ተቀንሶባታል። ታናሿ ተማሪ ናት። ስሜን ከሊዙ ላውጣ ብላቸው፣ ታላቃችን ‹ስምሽ ይቆይ፣ ኪራዩን እኛ እንከፍላለን፤ ስምሽ ከወጣ የአፓርታማው ማኔጅመንት ኦፊስ እንደገና ይመረምረንና ሜዳ ላይ እንቀራለን› አለችኝ። እጮኛዬ ‹ቁልፉን መልሰሽ ውጪ፣ ላልኖርሽበት ቤት አትከፍዪም› ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ለኦፊሱ ሳትነግሪ በክፍልሽ ሌላ ሰው አስገቢ› ትላለች። ዲፖዚቴስ ይመለስልኛል? እሷንስ ሳላስቀይም እንዴት ልውጣ?

እህታችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

ውድ እህታችን፣

ጋብቻዎን የአብርሃምና የሣራ ያድርግልዎ። ከመውጣትዎ ሦስት ወር ያህል ቀድመው መጻፍዎ መልካም ሆኗል፤ በዚህ ጉዳይ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጻፉት ሰው ዕቃውን ጭኖ ከወጣ፣ አንዳንዶቹም የፍርድ ቤት መጥሪያ እጁ ከገባ በኋላ ነውና።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ሦስታችሁ ከፈረማችሁበት ወረቀት ነው። በእናንተ መካከል ኪራዩ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው፤ በአከራዩ መዝገብ ላይ ግን 850 ዶላር የሚባል ቁጥር የለም። እሱ የሚያውቀው 2,550 ዶላርን ብቻ ነው፤ ያንንም ከሦስታችሁ ከማናችሁም፣ ሙሉውን ከአንዷ ብቻ እንኳ፣ መጠየቅ ይችላል። ብዙ ሰው በአንድ ሊዝ ላይ ሲፈርም ውሉ የሚያሸክመው ይህንኑ ነው፤ በአገራችን የሕግ ቋንቋ «በአንድነትና በነጠላ» ተጠያቂ መሆን የምንለው ማለት ነው። ከሜይ እስከ ኦገስት ያሉት አራት ወራት ኪራይ 10,200 ዶላር ይሆናል። እርስዎ በልብዎ ያሰቡት ዕዳ ድርሻዎን፣ ማለትም 3,400 ዶላሩን ቢሆንም፣ ስምዎ የተያዘው በ10,200ው ነው። እባክዎ የሊዙን ቅጂ አውጥተው ይህንን አንቀጽና ስለ ተከራይ ለውጥ የሚናገረውን አንቀጽ ዛሬውኑ ያንብቡ።

ከዚህ ተነሥተን የእጮኛዎን ምክር ስንመለከተው፣ ስለ እርስዎ ከመቆርቆር የመጣ እንደሆነ ባይጠረጠርም ለጉዳት የሚያጋልጥ ነው። እርግጥ በሜሪላንድ ሕግ ተከራይ ከጊዜው በፊት ቤቱን ለቆ ሲወጣ፣ አከራዩ ቤቱን ለሌላ ለማከራየት ተገቢውን ጥረት በማድረግ ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ አለበት፤ እጮኛዎም ሰምተውት ከሆነ የሰሙት ይህንን ይሆናል። ይሁንና የእናንተ ቤት ባዶ አይሆንም። ሁለቱ እህቶች እየኖሩበት አከራዩ ቤቱን ለማን ያከራየዋል? ስለዚህ ይህ ከለላ ለእርስዎ እምብዛም አይደርስልዎትም። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ኪራዩ ቢጎድል እስከ 5 በመቶ የሚደርስ የመዘግየት ቅጣት ይታከላል፤ አከራዩም የ10 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ክስ ሲመሠርት የሦስታችሁም ስም በአንድ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ዕዳው ለሰብሳቢ ድርጅት ከተላለፈም በክሬዲት (የዕዳ አከፋፈል) ታሪክዎ ላይ እስከ ሰባት ዓመት ሊቆይ ይችላል። አዲስ ትዳር ይዘው ቤት ለመከራየትም ሆነ ለመግዛት በሚያመለክቱባቸው ዓመታት ማለት ነው።

የባልደረባዎ ምክር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ሌላ ሰው ማስገባት በአብዛኛዎቹ ሊዞች ውሉን መጣስ ነው፤ በዚህም የሚጎዱት እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ በስውር የገባችው ሴትና ቤታቸውን ላለማጣት የሚጨነቁት ሁለቱ እህቶች ጭምር ናቸው። አይሞክሩት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ታላቅ እህትዎ «ስምሽ ይቆይ» ሲሉዎት ክፋት አስበው ነው ብዬ አላምንም፤ ከኤርፖርት ተቀብሎ ሦስት ወር ያኖረ ሰው ለክፋት አይጠረጠርም። ነገር ግን የጠየቁዎትን ነገር በትክክለኛ ስሙ እንጥራው፤ ዋስ ሁኚን ነው የሚሉዎት። በአገር ቤት ሰው ዋስ ሲጠራ ስንት ቀን እንደሚያስብ፣ ዋሱም ከመፈረሙ በፊት ከቤተሰቡ ጋር እንዴት እንደሚመክር እናውቃለን። እዚህ አገር ግን ወረቀቱ አስቀድሞ ስለተፈረመና ሰው የሚጠየቀው «ዝም በይ፣ ይቆይ» ተብሎ ስለሆነ፣ ዋስትናው ዋስትና መስሎ አይታይም። የተቀነሰው የሥራ ሰዓት ባይመለስስ? ታናሿ ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ሌላ ከተማ ብትሄድስ? ያን ጊዜ ቃል የገቡልዎት እህት ቃላቸውን ለመጠበቅ ቢፈልጉ እንኳ አቅሙ ላይኖራቸው ይችላል፤ እርስዎም አሌክሳንድሪያ ሆነው የማይኖሩበትን ቤት ኪራይ ይጠየቃሉ።

የሦስት ወር መጠለያ ትልቅ ውለታ ነው፤ ሊመለስም ይገባዋል። ነገር ግን ውለታ የሚመለሰው መጠኑ በታወቀ ነገር ቢሆን ይሻላል። ለምሳሌ የዲፖዚት ድርሻዎ የሆነውን 850 ዶላር እስከ ኦገስት እንዲቆይላቸው ቢተዉላቸው፣ ወይም ከወጡ በኋላ የአንድ ወር ድርሻዎን ቢከፍሉላቸው፣ ምን ያህል እንደሰጡና መቼ እንደሚያበቃ ያውቁታል። ስምን መተው ግን ልክና ማብቂያ የሌለው ስጦታ ነው፤ ሊዙ በኦገስት አልቆ በዚያው ወር በወር ቢቀጥል፣ በጽሑፍ ካላስወጡት በቀር ስምዎ አብሮ መቀጠሉ አይቀርም። ስለዚህ መልሴ ግልጽ ነው፤ ስምዎን ያውጡ፤ የእህትዎን ፍርሃት ግን እንደ ራስዎ ችግር ቆጥረው አብረው ይፍቱት።

ፍርሃታቸው መሠረት አለውና። አንድ ተከራይ ከሊዝ ሲወጣ ማኔጅመንቱ የቀሩትን ገቢና ክሬዲት እንደገና መመልከቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ አፓርታማዎች ደግሞ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ያህል ወርኃዊ ገቢ ይጠይቃሉ። በእናንተ ኪራይ ሲሰላ ከታክስ በፊት 7,650 ዶላር መሆኑ ነው። ሁለቱ እህቶች የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀታቸውን አስቀምጠው ይደምሩት። ከደረሰላቸው ጭንቀቱ ግማሹ እዚያው ያልቃል። ካልደረሰ ሦስተኛ ሰው ማግኘት፣ ወይም ገቢውና ክሬዲቱ በቂ የሆነ ዋስ ማቅረብ ግድ ይሆናል። ማኔጅመንቱ ተጨማሪ ዲፖዚት ጨምሩ ይላል ብለው ከሆነ የሚፈሩት፣ በሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ለተፈረሙ ውሎች አከራይ በመደበኛው ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት መቀበል አይፈቀድለትም፤ እናንተም ያንን ልክ ከፍላችኋል።

ሦስተኛዋን ሰው መፈለግ የእርስዎ ድካም ይሁን፤ መምረጥ ግን የሁለቱ መብት ነው። ወጥ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን የሚጋሩት፣ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለሱ ጸጥታ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው። እርስዎ በቤተ ክርስቲያን፣ በሥራ ቦታና በወዳጆችዎ በኩል ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አግኝተው ቢያቀርቡላቸው፣ እነሱ ከሰዎቹ ጋር ቡና ጠጥተው ይወስኑ። የተመረጠችው ሴት ግን እንደ ማንኛውም ተከራይ ለማኔጅመንቱ አመልክታ፣ ተመርምራና ፈርማ መግባት አለባት።

ወደ ኦፊሱ ከመሄድዎ በፊት ሁለቱን በቤት ያነጋግሩ። ይህንን ቅደም ተከተል አይለውጡት፤ ሰው ስለሚኖርበት ቤት ጉዳይ ከማኔጅመንት በመጣ ኢሜይል ሲሰማ የሚያድርበት ቅሬታ በቀላሉ አይሽርም። ታላቅ እህትዎን ብቻቸውን አስቀድመው ቢያናግሩና ውለታቸውን በአፍ ሞልተው ቢያመሰግኑ ደግ ነው። ከዚያም እንዲህ ቢሏቸው እመርጣለሁ፦ «ያደረግሽልኝን አልረሳም። ስሜ እንዳለ ብወጣና አንድ ቀን ኪራዩ ቢጎድል፣ አንቺን መጠየቅ ግድ ይሆንብኛል፤ ያን ቀን ማየት አልፈልግም። ሰው እስክናገኝ ከአጠገባችሁ አልጠፋም፤ እስከ ሜይ መጨረሻ ድርሻዬን እከፍላለሁ።» የሚሰጡትን የመጨረሻ ቀን ግን ከእጮኛዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙበት፤ ኪራዩ ከአሁን በኋላ ከሁለታችሁ ኪስ የሚወጣ ነውና።

ይሉኝታ የሚይዝዎት ምናልባት «ወረቀት እንጻፍ» የሚለው ላይ ይሆናል። በመካከላችን ወረቀት መጠየቅ አለመተማመን ተደርጎ ሲቆጠር አይቻለሁ፤ ይህ ግን ከራሳችን ልማድ ጋር እንኳ አይሄድም። ዕቁባችን ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ነው ገንዘቡን የሚወስደው፤ ማንም በዚህ ሲቀየም አልሰማንም። ሦስታችሁም በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ላይ ብትፈርሙ ይበቃል፦ እርስዎ እስከ የትኛው ቀን እንደሚከፍሉ፣ ከዚያ በኋላ ኪራዩን እነማን እንደሚሸፍኑ፣ ዲፖዚቱ በማን እጅ እንደሚቀርና የትኛው ዕቃ የማን እንደሆነ። ይህ ወረቀት አከራዩን አያስገድድም፤ በሦስታችሁ መካከል ግን ማስረጃ ነው፤ አንዷ ከድርሻዋ በላይ ከፍላ ብትገኝ ከሌሎቹ ለማስመለስ ይረዳታል።

አከራዩን የሚያስገድደው ሌላ ሰነድ ነው። ለማኔጅመንቱ በጽሑፍ አመልክተው የሚጠይቁት የውል ማሻሻያ ሲሆን፣ በእሱ ላይ አከራዩም፣ እርስዎም፣ የሚቆዩትም፣ አዲስ የምትገባ ካለችም ሁሉም ይፈርማሉ። ወረቀቱ ሁለት ነገሮችን በማያሻማ ቃል መያዝ አለበት፤ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ተከራይ እንዳልሆኑ፣ እንዲሁም ከዚያ ቀን በኋላ ለሚመጣ ኪራይና ጉዳት ከኃላፊነት ነፃ መሆንዎን። አዲሷ ሴት ስሟ መጨመሩ ብቻውን የእርስዎን ስም አያወጣም፤ አራት ስም ያለበት ሊዝ ሆኖ ይቀራል። የኦፊሱ ሠራተኛ በቃል «ችግር የለም፣ ተስተካክሏል» ቢሉዎት አመስግነው «እባክዎ በኢሜይል ይላኩልኝ» ይበሉ። በኢንተርኔት የኪራይ መክፈያ ገጹ ላይ ስምዎ መጥፋቱም ከሊዝ መውጣትዎን አያረጋግጥም። ለዚህ አገልግሎት የሚጠይቁት ክፍያ ካለም መጠኑን አስቀድመው ይወቁ።

ስለ ዲፖዚትዎ የጠየቁት የብዙዎችን ጥያቄ ነው። በሜሪላንድ አከራይ ዲፖዚቱን ኪራዩ ካበቃ በኋላ በ45 ቀናት ውስጥ መመለስ ወይም የተቀነሰውን በዝርዝር ጽፎ መላክ አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ከያዘው እስከ ሦስት እጥፍ ሊጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ቀኑ የሚቆጠረው ኪራዩ ካበቃ ነው፤ ሁለቱ እየኖሩበት ሳለ ለእርስዎ ብሎ 850 ዶላር ቆርሶ የሚሰጥ አከራይ ብዙም አያጋጥምም። ስለዚህ ገንዘብዎ የሚመጣው በአብዛኛው ከሌላ ወገን ነው፤ አዲስ የምትገባዋ ሴት 850ውን ለእርስዎ ከፍላ በዲፖዚቱ ውስጥ በእርስዎ ቦታ ትተካለች፤ ሰው ካልገባም ሁለቱ ይከፍሉዎታል ወይም እርስዎ እስከ ኦገስት ይጠብቃሉ። ገንዘቡን ሲቀበሉ ወይም ሲጠብቁ በተፈረመ ወረቀት ይሁን። ከመውጣትዎ በፊት ክፍልዎን ባዶ ካደረጉ በኋላ ግድግዳውን፣ ምንጣፉንና ቁም ሣጥኑን ፎቶ ያንሡ፤ የጋራውንም ክፍል ከሁለቱ ጋር ዞረው ይመልከቱ። በኦገስት የሚገኝ የተሰበረ ነገር በማን ጊዜ እንደተሰበረ ያን ጊዜ ማስታወስ አይቻልም።

ማኔጅመንቱ «እስከ ኦገስት ማንንም አናወጣም» ቢልስ? ይህም ሊሆን ይችላል፤ ጊዜ የተወሰነለትን ውል ከመካከል የመለወጥ ግዴታ የለበትም። በዚህ ጊዜ በመካከላችሁ ያለው ወረቀት ዋና መሣሪያዎ ይሆናል፤ በየወሩ ኪራዩ መከፈሉን ራስዎ ማየት እንዲችሉ የመክፈያ ገጹ መግቢያ አይዘጋብዎ፤ ገንዘብ የላኩበትን ደረሰኝም ያስቀምጡ። ከሁሉ በላይ ሊዙ ከማለቁ በፊት ውሉ በሚጠይቀው ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ 60 ቀን ይሆናል፣ እርስዎ እንደማያድሱ ለአከራዩ በጽሑፍ ያስታውቁ። ሁለቱ ከሴፕቴምበር ጀምሮ በራሳቸው ስም አዲስ ሊዝ ይፈርሙ።

ሲልቨር ስፕሪንግ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ መሆኗ ለእርስዎ ይበጃል። በካውንቲው ያሉ ሊዞች ተከራይ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት፣ ለምሳሌ ሥራ በማጣት፣ ያለ ፈቃዱ ሥራው ከዋሽንግተን አካባቢ ውጭ በመዛወሩ ወይም የቤት ውስጥ ጥቃት ሰለባ በመሆኑ፣ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጥቶ ከውሉ እንዲወጣ ይፈቅዳሉ። ጋብቻ የደስታ ምርጫ እንጂ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ስላልሆነ በዚህ በር መውጣት አይችሉም፤ ይህንን የጻፍኩት ይህች ደብዳቤ በሌላ ችግር ላይ ላለች እህት ብትደርስ ብዬ ነው። የካውንቲው የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ ግን ለሁላችሁም ክፍት ነው፤ ምክሩ በነፃ ነው። ካውንቲው ውስጥ ሆነው 311 ደውለው በአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የውል ማሻሻያውን ከመፈረምዎ በፊትም ትርጉሙን እንዲያስረዱዎት ያድርጉ።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፤ የፔፕኮ የመብራት ሂሳብ ወይም የኢንተርኔቱ ውል በእርስዎ ስም ከሆነ፣ የሚቆዩት በስማቸው ሳይከፍቱት እርስዎ አይዝጉት፤ በጨለማ ቤት ማደር አይገባቸውም። የሚዛወርበትን ቀን ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን ይደረግ።

ጊዜውን ከኋላ ወደ ፊት ስንቆጥረው፣ በኤፕሪል መጨረሻ ለመውጣት የጽሑፍ ማመልከቻዎ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ በፊት ኦፊሱ ጠረጴዛ ላይ ቢገኝ ይመረጣል፤ አዲስ አመልካች ለመመርመርም ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከታላቅ እህትዎ ጋር የሚያደርጉት ንግግር በዚህ እሑድ ወይም በሚቀጥለው ቢሆን፣ ሁለቱም አስበውበት የደመወዝ ወረቀታቸውን ለመደመር አንድ ሳምንት ያህል ያገኛሉ።